የቡካሬስት ሕጻናት እና የእኛ ጥያቄ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ለአእምሮ ጤና ምን ያህል ይወስናሉ?

የዕድገት ሥነ ልቦና ኮርስን የወሰደ የዲፓርትመንታችን ተማሪ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይዞ ይወጣል፤ «የልጅነት የመጀመሪያ ዓመታት ወሳኝ ናቸው» የሚለውን። ፈተና ላይ ይመጣል፣ እንጽፈዋለን፣ ነጥባችንን እናገኛለን። እንዴት ታወቀ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ወሳኝ የሆኑት ለምኑ ነው? ለቋንቋ? ለስሜት? ለትኩረት? እስከ ስንተኛው ወር? ጊዜው ካለፈ በሩ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል ወይስ ገርበብ ብሎ ይቆያል? እነዚህ ጥያቄዎች የመጽሐፍ ጥያቄዎች ብቻ አይደሉም። ነገ ከመካከላችን ብዙዎቹ በሕጻናት ማሳደጊያ፣ በሴቶችና ሕጻናት ጉዳይ ቢሮ ወይም በሆስፒታል ሲቀጠሩ፣ አንድ የስምንት ወር ሕጻን የት ይደር የሚለውን ውሳኔ የሚፈርመው እጅ የእኛ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን በዋናነት በአንድ ጥናት በኩል ለማየት እሞክራለሁ። እርሱም በሩማኒያ ዋና ከተማ በቡካሬስት እ.ኤ.አ. ከ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተካሄደው ጥናት ነው። ቀጥሎም አዲስ አበባን ጨምሮ በአምስት አገሮች የተደረገና ውጤቱ ከቡካሬስቱ ጋር የሚጋጭ የሚመስል ሌላ ጥናት ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። ሁለቱን አብሮ ያላነበበ ሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ አንዱንም በትክክል አላነበበም።

የማወቅ ችግር

በልጅነት የደረሰ መከራ በጎልማሳነት ከሚታይ የአእምሮ ሕመም ጋር እንደሚያያዝ የሚያሳዩ ጥናቶች ሞልተዋል። ከሁሉም ስሙ የገነነው ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ ከባልደረቦቻቸው ጋር በካሊፎርኒያ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ነው። ከ9,500 የሚበልጡ ጎልማሶች ስለ ልጅነታቸው በመጠይቅ ተጠየቁ። በልጅነታቸው ብዙ ዓይነት መከራ ያዩት ሰዎች ለድብርት፣ ለአልኮል ሱስ፣ ራስን ለማጥፋት ሙከራ ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። ጥናቱ ዓለምን ያነቃ ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም። ነገር ግን መረጃው የተለቀመው ከትዝታ ነው። የተጨነቀ ሰው ልጅነቱን ሲያስታውስ ጨለማው ይጎላበታል፤ ደህና የሆነው ደግሞ የደረሰበትን ሊረሳው ይችላል።

ይህ እንዲሁ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ጄሲ ቦልድዊንና ባልደረቦቿ የ16 ጥናቶችን መረጃ አሰባስበው ከ25,000 በላይ ሰዎችን መረመሩ። በልጅነታቸው ዘመን ጉዳት እንደደረሰባቸው ከተመዘገበላቸው ሰዎች መካከል 52 በመቶ የሚሆኑት ኋላ ሲጠየቁ አልተናገሩትም። በተገላቢጦሹ ደግሞ ጉዳት ደርሶብናል ካሉት መካከል 56 በመቶው በጊዜው ምንም አልተመዘገበላቸውም። ሰዎቹ ዋሹ ማለት አይደለም፤ መዝገብም ብዙ ያመልጠዋል። ሁለቱ መለኪያዎች የሚይዙት ሰው ግን በአብዛኛው የተለያየ ነው።

ሁለተኛው ችግር የምክንያቶች መደባለቅ ነው። ድሃ ቤት የተወለደ ሕጻን ብዙ ጊዜ ምግብ ያጥረዋል፣ እናቱ ትታመማለች፣ ሰፈሩ አይመችም፣ ምናልባትም ለሕመም የሚያጋልጥ ዘር ወርሷል። በሃያ ዓመቱ ድብርት ቢይዘው ከእነዚህ የትኛውን እንከሰዋለን? በምርምር ዘዴ ኮርስ የተማርነው መድኃኒት አንድ ነው፤ ዕጣ። ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከከፈልክ የማታውቃቸው ምክንያቶች ሳይቀሩ በሁለቱም ወገን እኩል ይበተናሉ። ታዲያ ሕጻናትን በዕጣ ማጎሳቆል አይቻልም። እዚህ ላይ ነው የቡካሬስት ተመራማሪዎች ብልሃት የሚመጣው፤ ጉዳትን በዕጣ ማደል አይቻልም እንጂ ርዳታን በዕጣ ማደል ይቻላል።

ሩማኒያ ምን ሆና ነበር

እ.ኤ.አ. በ1966 የኒኮላይ ቻውሼስኩ መንግሥት አዋጅ ቁጥር 770ን አውጥቶ ውርጃን ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከለከለ። የተፈለገው የሕዝቡን ቁጥር ማብዛትና ኢንዱስትሪውን በሰው ኃይል መሙላት ነበር። የወሊድ መከላከያ እንደ ልብ አይገኝም፤ ልጅ ያልወለደ ተጨማሪ ግብር ይከፍላል። ኑሮው ደግሞ እየከበደ ሄደ። ማሳደግ ያቃተው ቤተሰብ ልጁን ለመንግሥት ማሳደጊያ ማስረከብ ጀመረ፤ መንግሥትም ይህን እንደ ነውር ሳይሆን እንደ አገልግሎት አየው። አገዛዙ በታኅሣሥ 1989 (እ.ኤ.አ.) ሲወድቅ የውጭ ጋዜጠኞች በሩን ከፍተው ሲገቡ በማሳደጊያዎቹ ውስጥ ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ልጆች ነበሩ። ልብ በሉ፣ አብዛኞቹ እናት አባታቸው የሞቱባቸው አልነበሩም። ወላጅ ነበራቸው፤ ያልነበራቸው ቤት ነው።

ስለ ማሳደጊያዎቹ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ረሃብና ቆሻሻ ነው። ጥናቱ በተጀመረበት ጊዜ ግን ነገሩ ከ1989 ጋር ሲነጻጸር ተሻሽሎ ነበር። ልጆቹ ይበላሉ፣ ይለብሳሉ፣ ይታጠባሉ። የጎደለው ሌላ ነው። አንዲት ሞግዚት አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ ሕጻናትን ትይዛለች፤ ፈረቃዋ ሲያልቅ ሌላ ትተካለች። መብላት በሰዓት፣ መታጠብ በሰዓት፣ ሽንት ቤት መቀመጥም በሰዓት ነው፤ ሁሉም በአንድ ላይ። ሕጻኑ ሲያለቅስ የሚመጣ የታወቀ ፊት የለም። ተመራማሪዎቹ ወደ ሕጻናቱ ክፍል ሲገቡ ከሁሉ በላይ የከነከናቸው ዝምታው እንደነበር ተናግረዋል። ማልቀስ መልስ እንደማያመጣ የተማረ ሕጻን አያለቅስም። ብዙዎቹ አልጋቸው ላይ ሆነው ወደፊትና ወደኋላ ራሳቸውን ይወዘውዙ ነበር።

ጥናቱ እንዴት ተሠራ

ጥናቱን የመሩት ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ናቸው፤ ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስ እና ቻርልስ ዚና። ከስድስት ማሳደጊያዎች ከ6 እስከ 31 ወር ዕድሜ ያላቸው 136 ሕጻናት ተመረጡ። በዘር የሚመጣ ግልጽ የጤና ችግር ያለባቸውና እናታቸው በእርግዝና ወቅት በጠጣችው አልኮል የተጎዱ መሆናቸው የሚታይ ሕጻናት ከመጀመሪያው አልተካተቱም። ከዚያም ዕጣ ወጣ። 68ቱ ወደ አደራ ቤተሰብ ገቡ፤ 68ቱ ባሉበት ቀጠሉ። ለማነጻጸሪያ ደግሞ ከወላጆቻቸው ጋር የሚኖሩ 72 የቡካሬስት ሕጻናት ተጨመሩ።

በወቅቱ በቡካሬስት የአደራ ቤተሰብ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻል ነበር። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ 56 ቤተሰቦችን መልምለው፣ አሠልጥነው፣ ወርኃዊ ክፍያ እየሰጡና በማኅበራዊ ሠራተኞች እያስጎበኙ አገልግሎቱን ከባዶ ገነቡት። ቤተሰቦቹ ልጁን እንደ ራሳቸው ልጅ እንዲወዱት በግልጽ ተነግሯቸዋል። ይህን እንደ ቀላል አትዩት። የአደራ ልጅ ነገ ስለሚሄድ አትላመዱት የሚል አስተሳሰብ በብዙ አገር አለ፤ የጥናቱ «መድኃኒት» ግን ራሱ መላመዱ ነበር።

ይህ ጥናት በክፍል ሲነሳ ክርክር መነሳቱ አይቀርም። ግማሹን ማሳደጊያ ውስጥ መተው ተገቢ ነው? ተመራማሪዎቹ የሚሰጡት መልስ ይህን ይመስላል፤ ጥናቱ ባይኖር 136ቱም እዚያው ይቀሩ ነበር። ጥናቱ ማንንም ልጅ በማሳደጊያ እንዲቆይ አላስገደደም፤ ወላጁ ከመጣ፣ ወይም መንግሥት ሌላ ቤተሰብ ካገኘለት ይወጣል፤ በእርግጥም ከጊዜ በኋላ ብዙዎቹ ወጥተዋል። የሩማኒያ ባለሥልጣናት ራሳቸው በማሳደጊያና በቤተሰብ መካከል ተከፋፍለው ስለነበር ማስረጃው ያስፈልጋቸው ነበር። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው ማሳደጊያ ሕጻናትን እንደሚጎዳ ከጆን ቦልቢ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል፣ የሚታወቅ ነገር በልጅ ሕይወት አይፈተንም ይላሉ። እኔ በበኩሌ የመጀመሪያው መልስ ያሳምነኛል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። የሚታወቀው ነገር አገሪቱን ካላንቀሳቀሳት «ይታወቃል» የሚለው ቃል ለሕጻኑ ምንም አይፈይደውም። ሆኖም ዕጣው የወደቀበትን ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ ፊት ለፊት ብታገኙት ይህን ክርክር በዚህ ልበ ሙሉነት እንደማትደግሙለት እገምታለሁ።

አንድ ቴክኒካዊ ነገር ልጨምር፤ ለውጤቱ ትርጉም አስፈላጊ ነው። ልጆቹ በኋላ የትም ይሂዱ የት፣ ስሌቱ የሚሠራው መጀመሪያ ዕጣ በሰጣቸው ምድብ ነው። በማሳደጊያ ምድብ ከተመዘገቡት ብዙዎቹ ኋላ ቤተሰብ ስላገኙ በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚታየው ልዩነት ከእውነተኛው ያነሰ እንጂ የበለጠ አይሆንም።

ምን ተገኘ

በ42 ወር ዕድሜ የአእምሮ ዕድገት ሲለካ (የጠቅላላው ሕዝብ አማካይ 100 በሆነበት መለኪያ) በማሳደጊያ ምድብ ያሉት አማካይ 77 ነጥብ፣ የአደራ ቤተሰብ ልጆች ወደ 86፣ ከወላጅ ጋር ያሉት ደግሞ 103 አገኙ። በ54 ወር ሲደገም 73፣ 81 እና 109 ሆነ። እንግዲህ ቤተሰብ በዕጣ ማግኘት ብቻውን የስምንት ነጥብ ያህል ልዩነት አመጣ፤ ከወላጅ ልጆች ጋር ያለው ክፍተት ግን አልተደፈነም።

ይበልጥ የሚገርመው የዕድሜው ነገር ነው። ከአደራ ቤተሰብ ልጆች መካከል 18 ወር ሳይሞላቸው የገቡት በ42 ወራቸው 94 ሲያገኙ፣ ከ18 እስከ 24 ወር የገቡት 89፣ ከ24 ወር በኋላ የገቡት ግን 80 ገደማ ላይ ቀሩ። አንድ ዓይነት ቤተሰብ፣ አንድ ዓይነት ድጋፍ፣ ጥቂት ወራት ልዩነት። እርግጥ ነው፣ የመግቢያው ወር በዕጣ የተወሰነ አይደለም፤ ስለዚህ ይህኛው ውጤት እንደ ዋናው ልዩነት የጠነከረ ማስረጃ አይደለም።

ከአእምሮ ጤና አንጻር ያለው ውጤት ደግሞ በሁለት መንገድ የተሰነጠቀ ነው፤ እኔ ከጥናቱ ሁሉ በላይ ያስተማረኝም ይህ ነው። በ54 ወር፣ በማሳደጊያ ካለፉት ልጆች በጠቅላላው 53 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ የአእምሮ ጤና ችግር ነበረባቸው፤ ከወላጅ ልጆች 22 በመቶ ብቻ። ወደ ውስጥ የሚብሰለሰሉ ችግሮች፣ ማለትም ጭንቀትና ድብርት፣ በማሳደጊያ ምድብ 44 በመቶ ሲሆኑ በአደራ ቤተሰብ ወደ 22 በመቶ ወርደዋል፤ በግማሽ። ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር ግን አልተነቃነቀም። ቤተሰብ ያገኘውም ያላገኘውም ያው ነው።

የቁርኝት ውጤቱ ለጭንቀቱ መቀነስ ፍንጭ ይሰጣል። በ42 ወራቸው ከተንከባካቢያቸው ጋር የተረጋጋ ቁርኝት የነበራቸው በማሳደጊያ ምድብ 17 በመቶ ገደማ፣ በአደራ ቤተሰብ 49 በመቶ፣ ከወላጅ ልጆች 65 በመቶ ያህል ነበሩ። ማለትም ከሁለት ዓመት ብቸኝነት በኋላ ሳይቀር ልጁ ሰው መልመድ ይችላል። ሰው ሲለምድ ፍርሃቱ ይረግባል። ትኩረቱ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

አንጎሉስ? የአንጎልን ኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በሚለካው ኢኢጂ ሲታዩ የማሳደጊያ ልጆች ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው ያነሰ የአልፋ ሞገድ ነበራቸው፤ ገና ያልበሰለ አንጎል የሚያሳየው ዓይነት ነው። በስምንት ዓመታቸው በድጋሚ ሲለኩ ከ24 ወራቸው በፊት ቤተሰብ ያገኙት ከወላጅ ልጆች ጋር ተመሳሰሉ፤ ዘግይተው የገቡት አልተመሳሰሉም። በኤም አር አይ ደግሞ የነርቭ ሕዋሳት አካል የሚበዛበት ግራጫው የአንጎል ክፍል በማሳደጊያ ባለፉት ሁሉ አንሶ ተገኘ፤ ቤተሰብ ማግኘት አልመለሰውም። የነርቭ ክሮች የሚበዙበት ነጩ ክፍል ግን በአደራ ቤተሰብ ባደጉት ላይ ከወላጅ ልጆች ጋር ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አልነበረውም።

አንድ መስኮት ወይስ ብዙ?

ለምን እንዲህ ይሆናል? ዊልያም ግሪኖ እ.ኤ.አ. በ1987 ከባልደረቦቹ ጋር ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ጋ ይጠቅማል። አንጎል ሁለት ዓይነት ትምህርት አለው። አንደኛው ሁሉም የሰው ልጅ እንደሚያገኘው አስቀድሞ «የሚጠብቀው» ልምድ ነው፤ ብርሃን፣ ድምፅ፣ የሚያናግር ሰው፣ የሚያቅፍ እጅ። ሁለተኛው እንደየሰዉ የሚለያይ ነው፤ ማንበብ፣ ክራር መምታት፣ ቁጥር። ለመጀመሪያው ዓይነት አንጎል አስቀድሞ ከሚያስፈልገው በላይ የነርቭ ግንኙነቶችን ዘርግቶ ይጠብቃል። ልምዱ ሲመጣ የሠሩት ይጠነክራሉ፣ ያልሠሩት ይገረዛሉ። ልምዱ በጊዜው ካልመጣ መገረዙ አይቆምም፤ በተሳሳተ ካርታ ይቀጥላል። ዴቪድ ሂዩበልና ቶርስተን ዊዝል በ1960ዎቹ አንድ ዓይናቸው በጨቅላነታቸው የተሸፈነ የድመት ግልገሎች ሽፋኑ ከተነሳ በኋላም በዚያ ዓይን ማየት እንደሚሳናቸው ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ በ1981 የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙባቸው ሥራዎች አንዱ ነው።

ነገር ግን የድመቷን ዓይን እንደ ወረደ ወደ ሕጻን ሕይወት መገልበጥ ያሳስታል። «ወሳኝ ጊዜ» ስንል ብዙዎቻችን በአእምሯችን የምንስለው አንድ መስኮት ነው፤ ክፍት ወይም ዝግ። የቡካሬስት ውጤት የሚያሳየው ብዙ መስኮቶችን ነው፤ በተለያየ ጊዜ የሚጠቡ፣ አንዳንዶቹም በጥናቱ ዕድሜ ክልል ሙሉ በሙሉ ያልተዘጉ። ቁርኝት ዘግይቶም ይመጣል። የአእምሮ ዕድገት ነጥብ በከፊል ይመለሳል። ትኩረት ምናልባት መስኮቱ ሕጻኑ ዕጣው ሳይደርሰው በፊት ጠቦ ነበር።

ከሩማኒያ ወደ እንግሊዝ በጉዲፈቻ የሄዱ ልጆችን ማይክል ራተርና ባልደረቦቹ ለረጅም ዓመታት ተከታትለዋል፤ ያ ጥናት ዕጣ የለውም፣ ስለዚህ አሳዳጊዎቹ የተሻለውን ልጅ መርጠው ሊሆን ይችላል የሚለው ጥርጣሬ አይለቀውም። ያም ሆኖ እስከ ወጣትነት መከተሉ ትልቅ ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ውጤት፣ በማሳደጊያ ከስድስት ወር በታች የቆዩት እዚያው እንግሊዝ ተወልደው በጉዲፈቻ ካደጉት ብዙ አይለዩም፤ ከስድስት ወር በላይ የቆዩት ግን የትኩረትና የማኅበራዊ ግንኙነት ችግራቸው እስከ ወጣትነት ዘልቋል። በ2020 በወጣው የአንጎል ምስል ጥናት ደግሞ የእነዚህ ወጣቶች አንጎል መጠን ከእንግሊዝ ጉዲፈቻዎቹ በአማካይ በ8.6 በመቶ አንሶ ተገኘ። ይህን ቁጥር ሰምታችሁ ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ሌላም አለ፤ ከስድስት ወር በላይ ከቆዩት ውስጥ አንድ አምስተኛ ያህሉ በየትኛውም የዕድሜ ደረጃ ጎልቶ የሚታይ ችግር አልታየባቸውም። ለምን እነሱ? ይህን የሚመልስ ተመራማሪ እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ ይዞ አልመጣም።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይጠማዘዛል

እዚህ ላይ ብናቆም ትምህርቱ ቀላል ነበር፤ ማሳደጊያ መጥፎ፣ ቤተሰብ ጥሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን የዱክ ዩኒቨርሲቲዋ ካትሪን ዌተን የመሩት ቡድን በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በሕንድና በካምቦዲያ የተሠራ ጥናት አወጣ። የኢትዮጵያው ክፍል የተካሄደው አዲስ አበባ ነው። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 የሆኑ፣ በማሳደጊያ የሚኖሩ 1,357 ልጆችና በዘመድ ወይም በሌላ ቤተሰብ ዘንድ የሚኖሩ 1,480 ወላጅ ያጡ ወይም ከወላጅ የተለዩ ልጆች ተነጻጸሩ። ውጤቱ? በጤና፣ በስሜት፣ በአእምሮ ብቃትም ሆነ በማስታወስ የማሳደጊያዎቹ ልጆች ከቤተሰቦቹ ልጆች የባሰ ሁኔታ ላይ አልነበሩም።

ታዲያ ማን ይታመን? በክርክር ላይ የታዘብኩት ማሳደጊያ የሚደግፈው የአዲስ አበባውን፣ የሚቃወመው የቡካሬስቱን እየመዘዘ መለያየቱን ነው። እኔ ግን የሚጋጩ አይመስለኝም። የቡካሬስቱ ልጆች ወደ ማሳደጊያ የገቡት በሕጻንነታቸው ነው፤ ብዙዎቹ ከተወለዱ ብዙም ሳይቆዩ። የአዲስ አበባው ጥናት የለካው በ6 ዓመትና ከዚያ በላይ ያሉትን ነው። አንድ ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ እናቱ ጉያ አድጎ፣ እናቱ ስትሞት ማሳደጊያ ቢገባ፣ አንጎሉ «የሚጠብቀውን» ነገር አስቀድሞ አግኝቷል። ሐዘን አለበት፤ ያጣው ነገር ግን ያ የቡካሬስት ሕጻን ያጣው አይደለም። «ማሳደጊያ» የሚለው ቃልም አንድ ነገርን አይገልጽም፤ ጥናቱ የተሠራባቸው ቤቶች ከትንሽ የበጎ አድራጎት ቤት እስከ ትልቅ ተቋም የሚደርሱ ነበሩ።

ከሁሉም በላይ ግን ከምን ጋር ነው የተነጻጸረው? በቡካሬስት ማነጻጸሪያው የተመረጠ፣ የሠለጠነ፣ የሚከፈለውና የሚጎበኝ ቤተሰብ ነበር። በአምስቱ አገሮች ጥናት ማነጻጸሪያው አክስት ወይም አያት ናት፤ ራሷ የተቸገረች፣ ማንም የማይደግፋት። ስለዚህ የአዲስ አበባው ውጤት ማሳደጊያ ጥሩ ነው አይልም። ያለ ድጋፍ ልጅ የተጫነበት ድሃ ቤተሰብና ማሳደጊያ ለትልልቅ ልጆች እኩል ላይ ተገኙ ነው የሚለው። ዕጣ ስለሌለውም የትኛው ልጅ ለምን የት እንደገባ አይነግረንም።

ማሳደጊያ ከማሳደጊያ እንደሚለይ ከሚያሳዩት ውስጥ ጎረቤታችን ኤርትራ የተሠራ አንድ ጥናት አለ። ፒተር ዎልፍና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት የኤርትራ ማሳደጊያዎችን አነጻጸሩ። በአንዱ ዳይሬክተሩ ብቻውን ይወስናል፤ ልጆቹ የሚያዙት በደንብና በትእዛዝ ነው። በሌላው ሠራተኞቹ ሁሉ ስለ ልጆቹ አብረው ይመክራሉ፣ ልጆቹን በግል ቀርበው ያነጋግራሉ። በሁለተኛው ቤት ያሉት ልጆች የጭንቀት ምልክታቸው ያነሰ፣ ከሰው ጋር መግባባታቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ሁሉ ለእኛ የሩቅ ወሬ የማይሆንበት ምክንያት አለ። በ2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2018) የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1070 አሻሽሎ የውጭ ዜጎች ኢትዮጵያውያን ሕጻናትን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ ከልክሏል። በውጭ ጉዲፈቻ ላይ የነበረውን ቅሬታ ሁላችንም ሰምተነዋል፤ እዚህ አልገባበትም። ከሥነ ልቦና አንጻር ግን አንድ በር ሲዘጋ ሕጻኑ የሚቆይበት ሌላ ቦታ መኖር አለበት፤ ዘመድ፣ የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ፣ የአደራ ቤተሰብ፣ ወይም ማሳደጊያ። ጉዲፈቻ እኮ ቃሉ ራሱ ከኦሮሞ ባህል የመጣ ነው፤ ልጅን እንደ አብራክ ክፋይ አድርጎ መቀበል። ሩማኒያ የአደራ ቤተሰብን ከባዶ መሥራት ነበረባት፤ እኛ ዘንድ ሐሳቡ በባህል አለ። የሌለው የቡካሬስት ቤተሰቦች ያገኙት ክፍያና ጉብኝት ነው። ሩማኒያ ከጥናቱ የመጀመሪያ ውጤቶች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው ሕግ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕጻናት፣ ከባድ የአካል ጉዳት ካለባቸው በቀር፣ ማሳደጊያ እንዳይገቡ ከልክላለች። ከሁለት ዓመት በላይ ስላሉት ሕጉ ይህን ያህል አልጠበቀም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ክብደት ለገባው ሰው ይህ ቅደም ተከተል ስህተት አይመስልም።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለምትፈልጉ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች አንድ ሐሳብ ልወርውር። ዕጣ ማውጣት አቅማችንም ሥልጣናችንም አይደለም። ማሳደጊያዎች የሚይዙትን ማህደር በፈቃድ ማየት ግን ይቻላል። ሕጻኑ በስንት ወሩ ገባ፣ ከዚያ በፊት ከማን ጋር ነበር፣ በአንድ ፈረቃ አንዲት ሞግዚት ስንት ልጅ ትይዛለች፣ በዓመት ውስጥ ስንት ሞግዚት ተቀያየረበት፣ ሲወጣ ወዴት ወጣ። በእነዚህ አምስት ነገሮች ላይ ብቻ ተመሥርቶ፣ ከልጆቹ የዛሬ ባሕርይ ጋር በማያያዝ፣ ከመጠይቅ ትዝታ የተሻለ ነገር መጻፍ ይቻላል። አስቸጋሪው የመጀመሪያው መስመር ነው። ተጥሎ የተገኘ ሕጻን የልደት ቀን የለውም፤ ዕድሜው በግምት ይጻፋል። ሁለት ሦስት ወር የተሳሳተ ግምት ደግሞ ከላይ እንዳየነው ሙሉውን ውጤት ሊያዛባ ስለሚችል፣ ማህደሩን ከመቅዳታችሁ በፊት ግምቱን ማን፣ በምን ምልክት፣ በጥርስ ነው ወይስ በክብደት እንደገመተ መጠየቅ ይኖርባችኋል።